አንድ የመንግሥት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ተቀጠርኩ! ዋላሂ ተቀጠርኩ። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቤ «የምግብ ቤቶች የጨው መጠን ተቆጣጣሪ» ይላል። እናቴ ደጋግማ አስነበበችኝና «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ?» አለች። ቅር ብሏት ሳይሆን ገርሟት ነው ብዬ ልለፈው።

ደንቡ አጭር ነው። የሐረር ከተማ ምግብ ቤቶች ወጥም ሆነ ሹርባ ውስጥ ከተወሰነው በላይ ጨው አይጨምሩም። የጨው ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ይነሳል። ይህን የሚቆጣጠር ሰው ይመደባል፤ ሰውየው እኔ ነኝ። ኮንትራቴ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከዚያ ቋሚ መሆን አለመሆኔ «ይታያል» ተብያለሁ። ማን እንደሚያየው አልተነገረኝም።

አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እዚህ ሥራ የገባሁት በአባቴ፣ በአባ ምክንያት አይደለም። በሥነ ምግብ ተመረቅኩ፣ ሥራ ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ በቃ። ክረምት ላይ በልብስ ሰፊዎቹ መንደር፣ በመኪና ግርግር፣ ስፌቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ግራ እጁ ደንዝዞ መቀሱ የወደቀበት ሌላ ጉዳይ ነው። ለእናቴ «ድካም ነው» አላት። ለእኔም እንደዚያው አለኝ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ኪኒን ግን አውቀዋለሁ፤ ተምሬዋለሁ፤ የደም ግፊት ነው። አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትም። ለእናቴም አልተናገርኩም። የሰው ምስጢር ነው።

እናቴ ማታ «የእኔን ድስት ልትለኪ እንዳትመጪ!» አለችኝ።

«ደንቡ የቤት ምግብን አይመለከትም» አልኳት። ደስ አላት። ጨው ጨመረች።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ነበር። ርዕሱ «ጨውና ድንገተኛ ሞት»። አለቃዬ አቶ ደረጀ ንግግር አደረጉ፤ «ጨው ነጭ ጠላታችን ነው» ሲሉ ሁላችንም ጻፍን። ምሳ በሆቴሉ ተጋበዝን። አቶ ደረጀ ሹርባውን ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ። ግራ ቀኝ አይተው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብጣሽ ወረቀት አወጡ፤ ጨው ነው። ሳያቸው አዩኝ።

«ደንቡ ሥራ ላይ የሚውለው ሰኞ ነው» አሉኝ።

ጥሩ መሪ ቀን ያከብራል።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። እግሬ የለም።

ባጄን አንጠልጥዬ፣ መለኪያዬን ይዤ ወጣሁ። መለኪያው እስክሪብቶ ያክላል፤ ጫፉን ሹርባው ውስጥ ነከር ሲያደርጉት ቁጥር ያወጣል። አንዱ ባለቤት የትኩሳት መስሎት «ሹርባዬ ታሟል እንዴ?» አለኝ። ሌላው «አቦ፣ ጨዉን እናንተ ከወሰዳችሁ በርበሬው የማን ነው?» አለ። የጨው ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ሳነሳ የአንድ ሽማግሌ እጅ አብሮ መጣ። አልለቅም አሉ። «ልጄ፣ ጥርሴ አልቋል። የቀረኝ ምላሴ ነው፤ እሱን እንኳ ተዪልኝ።» ስለ ጤናቸው አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ መረቁኝ፤ ዕቃውን ግን አልሰጡኝም።

ሸዋ በር፣ አጎቴ ናስር ምግብ ቤት ስደርስ ግን ሌላ ዓለም ነው። አጎቴ የምላቸው የአባ ወዳጅ ስለሆኑ ነው፤ አባ ምሳውን እዚያ ነው የሚበላው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። ገና ወንበር ሳልስብ አስተናጋጁ አንዋር፣ ድምፁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ ጮኸ።

«አንድ የመንግሥት!»

ልቤ ሞቀ። መንግሥትን በዚህ አክብሮት የሚጠራ አስተናጋጅ የት ይገኛል? ሹርባው መጣ። ለካሁ። ዜሮ ነጥብ ሁለት! ከደንቡ ጣሪያ በጣም በታች ነው። ቀመስኩት። እውነቱን ለመናገር የድስት እጣቢ ይመስላል፤ ሥራ ላይ ግን ለጣዕም አይደለም የመጣሁት።

የሚደንቀው፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሹርባውን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጠጣው፤ በየጉንጩ «ያ ሰላም!» ይላል። ምላስ ሲለምድ እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሁሉ እውነት ነው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሩጫ። ስድስት ምግብ ቤት፣ አምስቱ ከደንብ በላይ። ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። የባጃጅ ሾፌር «ጨዋዋ መጣች!» ብሎ በሩ ላይ ጮኸ። ከምግብ ቤቶቹ አጠገብ ያሉ ሱቆች ጨው በላስቲክ እየቋጠሩ መሸጥ ጀምረዋል። ሱቅ ደግሞ በደንቡ ውስጥ የለም። ለአቶ ደረጀ ነገርኳቸው። «ንግድ ተነቃቃ ማለት ነው፤ ሪፖርት ላይ አስገቢው» አሉ።

ናስር ጋ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ንቅንቅ የለም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሰፈሩ ሁሉ «ጨዋዋ» ነው የሚለኝ። ለእናቴ ስነግራት ኮራች። «ድሮስ ጨዋ አይደለሽ?» አለች። የባጃጅ ሾፌሩ ለምን እየሳቀ እንደሚለው ግን አልገባኝም።

ዛሬ የቢሮውን የግፊት መለኪያ «ለልምምድ» ብዬ ቤት አመጣሁና የአባን ክንድ አሰርኩ። አላመነታም። ሁለታችንም ልምምድ መስለን ተቀመጥን። ቁጥሩ ጥሩ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው። «እንዴት ነው ልምምዱ?» አለኝ። «ያለፍክ ይመስለኛል» አልኩት። ጢሙ ውስጥ ሳቀ።

ምስጋናው የደንቡ ነው። ምሳውን ናስር ጋ ይበላል፤ ናስር ደንቡን ያከብራሉ፤ ደንቡን የማስከብረው እኔ ነኝ። አቶ ደረጀ ቢሰሙኝ ይስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ማታ ማታ ይህን እያሰብኩ ነው የምተኛው።

እናቴ ግን ተከፍታለች። ያገሩ ሴት ሁሉ «የሳፊያ እጅ» እያለ የሚያወራላት ሴት፣ ባሏ ቤት መጥቶ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «ጠግቤያለሁ፣ ናስር ጋ በላሁ» ይላታል። ዛሬ ሳህኑን እያነሳች «ናስር ጋ ምን ቢያቀምሱት ነው? እኔ የማላውቀው ምን ቅመም አላቸው?» አለችኝ።

«ምንም የላቸውም እማ። ለክቼዋለሁ» አልኳት።

«ተዪኝ! ወንድ ልጅ ምንም የሌለው ጋ አይመላለስም።»

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ናስር ምግብ ቤት «አርአያ ምግብ ቤት» ተባለ። ሐሳቡ የእኔ ነው። የምስክር ወረቀቱን ራሴ ወስጄ ከካሸሩ ጀርባ ሰቀልኩት። አጎቴ ናስር ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ዓቢር፣ ይሄ ነገር ባይሰቀል አይሻልም?» አሉ። ትሕትናቸው! አንዋር ወጥ ቤት ገባና እዚያ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ተመጋቢዎቹም ይስቁ ነበር። ደስታ ይጋባል።

ስወጣ አንዱ ለጓደኛው «ናስርን የሚያህል ሹርባ ሐረር ላይ የለም፤ ሌላ ቤትማ በዚህ ደንብ ምኑ ይበላል?» ሲል ሰማሁ። ቢሮ ገብቼ ቃል በቃል ሪፖርቱ ላይ አሰፈርኩት። አቶ ደረጀ «ቋሚው ነገር ይታያል» ሲሉኝ በዚህኛው ጊዜ ፈገግ ብለው ነበር።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሳልተኛ ይህን ልጻፍ።

ጉንፋን ይዞኝ አፌንና አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፍኜ ነበር። ባጄ ቤት ነው። በሸዋ በር ሳልፍ ትኩስ ነገር አማረኝና ናስር ጋ ገባሁ። አንዋር አልነበረም፤ ሌላ አስተናጋጅ ነው፣ አላወቀኝም። ጥግ ተቀመጥኩ። «አንድ ሹርባ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ሹርባ። የመንግሥት አላለም።

መጣልኝ። ቀመስኩ። ያ ረቢ፣ እንዴት ይጣፍጣል! ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት። መለኪያው ከቦርሳዬ አይለይም። ጠረጴዛው ሥር አድርጌ ነከርኩ። አንድ ነጥብ አንድ፤ ከደንቡ በላይ።

ሁለት ድስት አላቸው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሰው። «የመንግሥት» ማለት ያ ነው! ያ ሁሉ ጩኸት «እሷ መጣች፣ ትንሹን ድስት ክፈቱ» ለማለት ነበር። እኔ ደግሞ ልቤ ይሞቅ ነበር። የምስክር ወረቀት ሰቀልኩላቸው!

ግን ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። አባ። አባ በየቀኑ ምሳውን እዚህ ነው የሚበላው። ወዳጄ የሚላቸው ሰው በአንድ ነጥብ አንድ ጨው እየገደሉት ነው። እኔ ደግሞ ማኅተም መትቼላቸዋለሁ።

ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ኪኒኑ አይደለም፤ ስለ ሁለቱ ድስት። «አላልኩሽም?» አለች። «ዝጊያቸው!»

(ጥቅምት ላይ የለካሁት ግፊት ለምን ጥሩ ሆነ? መሣሪያው አሮጌ ነው። መሣሪያው ነው።)

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አሸግኩት። በራሴ ፊርማ።

አንዋር በሩ ላይ ቆሞ «ዓቢር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ሲል አጎቴ ናስር በእጃቸው ምልክት አፉን አስያዙት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ትልቁን ድስት ዝጊው፤ ጥፋተኛ ነን። ትንሹን ግን ተዪልን።»

«ትንሹ ምን ያደርግልዎታል?»

«አማና አለብኝ፤ የሰው አደራ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ትንሹን ተዪልን! ለሚቀጥለው ተቆጣጣሪ ማታለያ መሆኗ ነው። ድፍረቱ! የማታለያ ድስትም አማና ይባላል እንዴ?

አባ በምሳ ሰዓት መጥቶ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ቆሞ አነበበው። ከአስፋልቱ ማዶ ነበርኩ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሻሹን አስተካክሎ ወደ እኔ ተሻገረና «ሥራሽ ነው» አለኝ። ከዚያ የት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው መስሎ ትንሽ ቆመ። ቤት መጣ። እናቴ ከበር ስታየው ፊቷ በራ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ቤታችን ሰርግ ይመስላል። አባ ምሳም ራትም ቤት ነው። እናቴ የሰነበተ ቂሟን በድስት እየተወጣች ነው፤ ሩዝ በሥጋ፣ ሹርባ፣ ሳምቡሳ። በቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ እንኳ ጨዉ ጨመር ብሏል። አባ እስከ ሳህኑ ጫፍ ይበላና «ሳፊያ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ሦስታችን አንድ ማዕድ ላይ ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን ነበር። ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሹርባው ትንሽ ከበድ ይላል። ትንሽ። ልናገር አልኩና ተውኩት፤ እናቴ እየዘፈነች ነበር።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አቶ ደረጀ ስብሰባ ላይ ስሜን ጠሩ። «ቁርጠኛ» አሉኝ። ጭብጨባ።

አባ ውኃ ያበዛል። መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቃተውና እኔ አስገባሁለት። «ዓይኔ ነው» አለ። ግፊቱን ለካሁ። ድጋሚ ለካሁ። ያ አሮጌ መሣሪያ አሁንስ ጭራሽ ተበላሽቷል፤ ነገ ሌላ አመጣለሁ።

ነገ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

አባ። ሆስፒታል። ግራ እጁ፣ አፉም በግራ በኩል። መሣሪያው አልተበላሸም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ሻል ብሎታል። ይናገራል፤ ጣቶቹም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ዶክተሩ «በጊዜ ደርሳችኋል፤ ሁለተኛ ግን አይደገምም» አለን። ከዚያ እናቴን «የሚበላውን ማነው የሚያበስለው?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ኮርታ «እኔ!» አለች። ዶክተሩ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። እኔ የአባን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

በምሳ ሰዓት አንዋር መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዟል። አልጋው አጠገብ ቆመና፣ ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ በሹክሹክታ ለአባ «አው ሀሚድ፣ የእርስዎ ነው። ናስር ቤታቸው ሠርተውት ነው» አለ።

እናቴ ፈጥና ተቀበለችው። ለታማሚ ሳይቀመስ አይሰጥም ብላ መጀመሪያ ማንኪያውን ወደ አፏ አደረገች። ቆመች።

«ጨው ረስተዋል» አለች።

«አልረሱም እማማ» አለ አንዋር።

«ታዲያ ይሄን ማን ይበላዋል?»

አንዋር አባን አየ። አባ ዓይኑን ጨፈነ። አንዋር እኔን ሲያየኝ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እሳቸው ናቸዋ! ከክረምት ጀምሮ በየቀኑ ይሄን ነው የሚበሉት። ዶክተር ጨው ከከለከላቸው ወዲህ ናስር ለብቻቸው በትንሽ ድስት ያበስሉላቸዋል። ቤት እንዳይሰማ ብለው በአማና አስማሉን። ከዚያ አንቺ መለኪያሽን ይዘሽ መጣሽ። ምን እናድርግ ዓቢር? ደንቡን የሚያሟላ ሌላ ድስት አልነበረንም። ከአባትሽ እየቀነስን ሰጠንሽ።»

«ከአባ?»

«አንቺ በመጣሽ ቀን ሹርባው ይጎድልባቸዋል። ‹ዛሬ መንግሥት መጥቶ ነበር› እንላቸዋለን። ‹ይብላ፣ ልጄ ናት› ይላሉ።»

እጄ ወደ ቦርሳዬ ገባ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ልማድ ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ነከርኩት። ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ሪፖርት የጻፍኩበት፣ የምስክር ወረቀት የሰጠሁበት፣ የተጨበጨበልኝ ሁሉ የአባቴ ምሳ ነበር። ከዚያ አሸግኩት።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሳታማርር?» አለችው አባን። «በየቀኑ?»

«ሎሚ አደርግበታለሁ» አለ አባ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ቤት ገብቷል። እናቴ ገበያ ስትወጣ ጠበቅኩና ጠየቅኩት።

«ለምን አልነገርካትም?»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አፍታታ። ከዚያ «እናትሽ እንደምትወደኝ በአፏ ነግራኝ አታውቅም» አለ። «ድስት ውስጥ ነው የምትከተው። ጨው ቀንሺ ብላት ሌላውንም አብራ የምትቀንሰው መሰለኝ።»

«ልትሞት ነበር አባ።»

«እሺ እኔስ ሽማግሌ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ። አንቺስ? ኪኒኔን ካየሽው ቆይቷል፤ ዓይንሽን አውቀዋለሁ። ከተማውን ሁሉ ስትለኪ የቤታችንን ድስት ለምን አልለካሽም?»

«ደንቡ የቤት ምግብን አይመለከትም» አልኩ።

ሳቀ። አፉ ገና በግራ በኩል ሙሉ አይስቅም። የሳቀበትን ግማሽ እያየሁ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ናስር እንዲከፈት ጠየቅኩ። አቶ ደረጀ «ለማሸግ አንቺ ትበቂያለሽ፤ ለመክፈት ኮሚቴ ያስፈልጋል» አሉ። ኮሚቴው የት ነው? ገና አልተቋቋመም።

ቁጭ ብዬ ሐሳብ ጻፍኩ። ትልቁን ድስት ሁሉ መቆጣጠር ይቅርና እያንዳንዱ ምግብ ቤት ለሚፈልግ ሰው አንድ ጨው ያልገባበት ትንሽ ድስት ይኑረው። የሚያዝዘው ሰው «ታምሜያለሁ» ማለት አይጠበቅበትም፤ «የመንግሥት» ይበል፣ ይመጣለታል። አቶ ደረጀ እስከ መጨረሻው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዓቢርዬ፣ መንግሥት ድስት የለውም።»

ሁለቱን ድስት፣ የማንን ሹርባ ስለካ እንደከረምኩ፣ ሁሉንም የመጨረሻው ሪፖርት ላይ ጻፍኩት። «ይሄን አውጪው» አሉ። አላወጣሁም። ቋሚው ነገር ይታያል ብለው ነበር፤ አሁን የታየ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ደንቡ «ለተጨማሪ ጥናት» ተመለሰ። ኮሚቴውም ሳይቋቋም ፈረሰ። በዚያው ቀን «ምግብ ቤት በማሸግ ላሳየችው ቁርጠኝነት» የሚል የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ወረቀቱን የት እንደምሰቅለው አላውቅም።

የናስርን በር ወረቀት በጥፍሬ ፈቅፍቄ ላጥኩት። የጨው ዕቃዎቹ ወደየጠረጴዛቸው ተመልሰዋል፤ ያ ሽማግሌ ግን የራሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጭራሽ አላስረከቡም ነበር። አጎቴ ናስር ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም። «ተቀመጪ» አሉ። አንዋር አየኝና አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ አፈረ። «ጩኽ እንጂ» አልኩት።

አባ አሁን ምሳውን ቤት ነው የሚበላው። እናቴ አዲስ ትንሽ ድስት ገዝታለች። ዛሬ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ አየኋት። እጇ ሳታዝዘው ወደ ጨው ዕቃው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ባዶውን ተመለሰ። ሎሚ ቆረጠች። ቀመሰችውና ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ሎሚ ደገመች።

አባ ሳሎን ጣቶቹን በቁልፍና በመርፌ ያለማምዳል። እናቴ ጭልፋውን ይዛ አንዋርን በሚያስንቅ ድምፅ ጮኸች።

«አንድ የመንግሥት!»

«ሁለት አድርጊው!» አልኳት።